ደወሉ በቆመ ሰው ትከሻ ልክ

የተወለድኩበትን አገር ስም አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ለማያውቀውም አይጠቅመውም። ሥራዬ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሽቦ ስጎትት ኖሬ አንድም ቤት በእኔ እጅ አልተቃጠለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የኋላውን ስትሰሙ «ሥራውን የማያውቅ ሰው ነበር» ብላችሁ እንዳትምሩኝ ነው። ሥራዬን አሳምሬ አውቃለሁ።

በከተማችን ዳር፣ ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጎን፣ አሥራ ዘጠኝ አልጋ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ጧሪ ያጣ፣ ወይም ጧሪው የሰለቸው ሰው እዚያ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ መናኛ ማከፋፈያ ገመድ ጋለና ፍራሽ አያያዘ፤ ሁለት አሮጊቶች ሞቱ። አገሩ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ሕግ ወጣ። የመጦሪያ ቤቶች የመብራት ሕግ ይባላል፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት አንቀጽ አለው። አብዛኛው መልካም ነው። የሚንጠለጠል ሽቦ አይኑር፣ ማከፋፈያ ገመድ መሬት ለመሬት አይጎተት፣ እያንዳንዱ አልጋ የራሱ ሶኬትና የራሱ የመጥሪያ ደወል ይኑረው፣ ደወሉም መብራት ቢጠፋ እንኳ በባትሪ ይሥራ ይላል። እኔ ራሴ ጻፍ ብባል ከዚህ የተሻለ አልጽፍም ነበር።

ነገር ያመጣው ስልሳ አንደኛው አንቀጽ ነው። «ማብሪያና ማጥፊያ፣ እንዲሁም የመጥሪያ ደወል» ይላል፣ «ተጠቃሚው በባዶ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም በትከሻው ልክ ይተከላል፤ ልኩም የሚወሰደው ተጠቃሚው በከፍታ ሹም ፊት ቆሞ ነው።» ከአሥራ ዘጠኙ አረጋውያን አሥራ አንዱ ከአልጋ የማይነሡ ናቸው።

ይህን የሌላ አገር ሰው ቢሰማ «ታዲያ ሕጉን ለውጡት» ይል ይሆናል። በእኛ አገር አንድ አንቀጽ ለመለወጥ ሰባት ጉባኤ ይቀመጣል፤ ሰባቱም የሚጀመሩት ያለፈው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ ነው። ደግሞም መፍትሔው ከአያቶቻችን ጀምሮ በእጃችን አለ። በእኛ ዘንድ ተቀምጦ ሹም ማነጋገር ነውር ነው፤ ተኝቶማ አይታሰብም። ስለዚህ መቆም ያቃተው ሰው ቋሚ ይልካል። ቋሚ ማለት ስለ ሌላው የሚቆም ሰው ነው። ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ሠርግ ላይ ይቆማል፣ ሰልፍ ላይ ይቆማል። የቋሚው ቃል የላኪው ቃል ነው፤ የቋሚው ቁመትም የላኪው ቁመት። ለአሥራ አንዱም ቋሚ ተመደበላቸው። መሥሪያ ቤቱ ረጃጅሞቹን መረጠ፤ ሲሰለፉ ያምራሉና።

ከአሥራ አንዱ አንዱ ጋሽ ውብሸት ነበሩ። ሙያዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሽቦ እንዴት እንደሚላጥ፣ የሽቦ መሸፈኛው ናስትሮ እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ መስመሩን በዓይን እንዴት መከተል እንደሚገባ አሳይተውኛል። ስሳሳት በካቻቪቴ እጀታ አናቴን ይሉኝ ነበር፤ ዛሬም በካቻቪቴ ስሠራ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። በስተርጅናቸው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው፤ ግራ እጃቸውም ደከመ። የሳንባ በሽታ ተጨመረበት። ሳሉ ሲነሣባቸው አክታው ጉሯሯቸውን ይዘጋዋል። ያኔ አንድ ሰው ደርሶ ቀና ካላደረጋቸውና መድኃኒቱን አፋቸው ውስጥ ካልነፋላቸው አበቃ። ሰው ከደረሰላቸው ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀልዳቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የዚህ ታሪክ ጉዳይ በሙሉ ይኸው ነው፤ ጋሽ ውብሸት ሰው መጥራት ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም ነበር?

የእሳቸው ቋሚ ማንደፍሮ ይባላል። እህል መጋዘኑ ውስጥ ኩንታል ሲሸከም የኖረ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎልማሳ ነው። ንግግር አያበዛም፤ እጁ ግን ለሰው ይራራል።

የልኬቱ ቀን የከፍታ ሹሙ ጫፉ ነሐስ የለበሰ ዘንጉን ይዞ መጣ። ማንደፍሮ ጫማውን አውልቆ ከአልጋው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሹሙ ትከሻውን ለክቶ «አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት» አለ። ጋሽ ውብሸት ትራሳቸው ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

«ጌታው፣ የምጠራው እኔ፣ የሚለካው እሱ?» አሉ።

«አባቴ፣ እሱ ማለት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው የመርፌዬንም ቀን እሱን ውጉልኝ።»

ሹሙ አልሳቀም። «የመርፌ ነገር በእኔ ሥር አይደለም» ብሎ ልኩን መዝገቡ ላይ አሰፈረ። እኔም ደወሉን በአንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ላይ ተከልኩ። ውሃ ልኩን አስቀምጬ አየሁት፤ አንዲት ነጥብ አልተዛባም።

ሁሉም ሲወጣ ጋሽ ውብሸት ደህናዋን እጃቸውን እስከቻሉት ድረስ አነሡና «ለካው» አሉኝ። ሜትሬን አወጣሁ። ከጣታቸው ጫፍ እስከ ደወሉ ሰባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

«አስቻለው፣ ሰባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ብዙ ነው እንዴ?»

«ምን አላት ጋሼ፣ ቁራጭ ናት።»

ከዚያ እንደ ድሮው ሥራውን ያስረዱኝ ጀመር። ከደወሉ ሳጥን ሁለት ሽቦ በቱቦ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ትራሱ አጠገብ ሁለተኛ መጫኛ ይተከላል። የሚንጠለጠል የለ፣ የሚያደናቅፍ የለ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሁሉንም የማውቀው ነገር ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ሲጨርሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ድሮ አዝህ ነበር» አሉ። «አሁን ግን እየለመንኩህ ነው።»

የዚያን ቀን ያፈርኩትን በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ መጫኛውን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ትራሳቸው አጠገብም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ። መትከሉ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በመዝገብ ያልተለካ መጫኛ የተገኘበት ቤት የምስክር ወረቀቱን ይነጠቃል፤ የምስክር ወረቀት የሌለው መጦሪያ ደግሞ ይዘጋል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሕጋዊውን መንገድ ያዝኩ።

ማመልከቻው የሚቀርበው ተጠቃሚው በአካል ቆሞ ስለሆነ ማንደፍሮን ይዤ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የከፍታ ሹሙ ወረቀቱን አነበበና ማንደፍሮን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ደወሉ ይውረድልኝ ነው የምትለው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እስቲ እጅህን አንሣ። ይኼ እጅ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት አይደርስም?»

«ይደርሳል። የማይደርሱት እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸው ማን?»

«ጋሽ ውብሸት።»

«አንተስ ማነህ?»

«ማንደፍሮ።»

«አይደለህም» አለው ሹሙ፣ በትዕግሥት። «እዚህ እስከቆምክ ድረስ ውብሸት ነህ። ውብሸት ደግሞ ይደርሳል።»

መሃል ገብቼ ሰውየው ተኝተው እንደሚውሉ፣ ሳሉ ሲነሣባቸው ሰው ካልደረሰላቸው እንደሚታፈኑ ተናገርኩ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ። እሱም ያልጋ ቁራኛ የሆነች እናት እንዳለችው፣ ቋሚዋም እሱ ራሱ እንደሆነ አጫወተኝ።

«ነገሩ ያሳዝናል» አለ። «ግን የተኛ ሰው ከፍታ የሚባል ነገር መዝገባችን ላይ የለም። በአገራችን ሰው ተኝቶ የሚለካው ለሬሳ ሣጥን ብቻ ነው። ለሐኪሞች ጉባኤ እመራልሃለሁ። ብቻ ሽልማቱ ይለፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ሽልማት ያለው ይህን ነው። መጦሪያችን በአገሩ ካሉት ሁሉ ተመርጦ አርአያ ቤት ተብሎ ነበር። ምክንያቱ ሥራዬ ነው። አሥራ ዘጠኙ ደወሎች፣ አሥራ ዘጠኙ ሶኬቶች፣ ቱቦው፣ የብሬከር ሳጥኑ፣ ሁሉም እንከን አልተገኘባቸውም። ከዋናው ከተማ ትልቅ እንግዳ መጥቶ የምስክር ወረቀቱን ሊሰጥ ቀን ተቆረጠ። አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ውብሸት እስከዚያው በቆርቆሮ ኩባያ የአልጋቸውን ብረት እየመቱ ይጠሩ ነበር። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ የነርሶቹ ክፍል ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሳሉ ሲይዛቸው ኩባያው ከእጃቸው አምልጦ አልጋ ሥር ገባ። የደረሱላቸው በቀጣዩ ክፍል ያሉት እማማ ስንዱ ናቸው። በከዘራ የሚሄዱ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ጆሯቸው ግን እንደ ልጅ ጆሮ የሚሰማ አሮጊት ናቸው። ኩባያው ሲወድቅ ሰምተው፣ ከዚያ በኋላ ጸጥ ሲል ደንግጠው፣ ግድግዳ እየዳበሱ ሄደው ሲስተር እቴነሽን ጠሩ። ጋሽ ውብሸት ተረፉ።

ሲስተር እቴነሽ የነርሶቹ አለቃ ናት። በዚያው ቀን ቦርሳዬን ይዤ ስመጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። የመጣሁበት ገብቷታል።

«አስቻለው፣ በእናትህ፣ አሁን እንዳታደርገው» አለችኝ። «ሊፈትሹ በየቀኑ ይመጣሉ። አንዲት ያልተመዘገበች መጫኛ ካገኙ ቤቱን ይዘጉታል። እነዚህን ሰዎች ወዴት ልውሰዳቸው? ቤቴ ላስተኛቸው?»

«ደግሞ ሳላቸው ቢነሣስ?»

«እኔ አለሁ። በየሩብ ሰዓቱ እየገባሁ አያቸዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።»

እውነቷን ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ገብታ አየቻቸው። ዘጠኙን ቀን እግሯ አብጦ በነጠላ ጫማ ስትሄድ አይቻለሁ። እኔ ግን የዚያን ቀን ቦርሳዬን ሳልከፍተው በር ላይ ተውኩት። ጋሽ ውብሸት ባዶ እጄን ሲያዩኝ የእርሳሱን ምልክት በአገጫቸው አመለከቱኝና «ቆንጆ ምልክት ናት። መደወል ብቻ ነው የማትችለው» አሉኝ። ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬ ድረስ ይቆረቁረኛል።

የሽልማቱ ቀን ጠዋት፣ ግቢው በሰው ሳይሞላ፣ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ፊታቸው ገርጥቷል።

«ደረቴን ከበድ ብሎኛል» አሉ። «ሥነ ሥርዓቱ ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ስድስት ሰዓት ግድም።»

«ረዘም አለ።»

ያኔ ቆረጥኩ። «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ እሠራልዎታለሁ። ፈቃድ ቢሰጡም ባይሰጡም። ቃሌ ነው።»

«ከሰዓት በኋላ» አሉ። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «እሺ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን።» ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ እንግዳው ሊመጣ ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። ይህን ስሌት ያኔ አላሰላሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ሳላሰላው የዋልኩበት ቀን የለም።

ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ የድምፅ ማጉያ ቆመ፣ ነጋሪትና መለከት መጡ። መቀመጥ የሚችሉት ስምንት አረጋውያን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያልጋ ቁራኞቹን አሥራ አንዱን ወክለው ቋሚዎቹ በቀኝ በኩል ተሰለፉ፤ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ሲያዩዋቸው በእውነት ያምሩ ነበር። ትልቁ እንግዳ እጃቸውን ተራ በተራ እየጨበጠ «አባቴ ደህና ነዎት? እናቴ ደህና ነዎት?» ይላቸዋል። እነሱም «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ነርሶቹ በግራ በኩል ነጭ ጋዋን ለብሰው ቆሙ። ሲስተር እቴነሽ አንዷን ልጅ ውስጥ ልተዋት ብላ ነበር፤ ሰልፉ ላይ ክፍት ቦታ ይታያል ተብሎ ተከለከለች።

በአገራችን አዲስ ሥራ ሲመረቅ ይጨበጨብለታል። ያላጨበጨበ ሰው ሥራውን ጠላ ይባላል፤ አጨብጭቦ ቶሎ ያቆመም በክፉ ዓይን ይታያል። ፕሮግራሙ እንዲህ ነበር። ንግግሩ መሃል ላይ ሲደርስ ማንደፍሮ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ጋሽ ውብሸት ክፍል ይገባል፣ ደወሉን አንድ ጊዜ ይጫናል፣ እናጨበጭባለን፣ ይመለሳል። ሁሉም ይስማው ተብሎ ለዚያ ቀን ብቻ ትልቅ ደወል ግቢው ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር።

እንግዳው «እስቲ እንስማው» አለ። ማንደፍሮ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ደወሉ ጮኸ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። አጨበጨብን።

እንግዳው ንግግሩን ሊቀጥል አፉን ሲከፍት ሁለተኛ ጮኸ። ሰው ሳቀና ደግሞ አጨበጨበ። ሦስተኛ ጮኸ። አራተኛ። «አባታችን ደስ ብሏቸዋል!» አለ እንግዳው በድምፅ ማጉያው። ጭብጨባው ጋለ። መለከት ነፊዎቹ በደወሉ መሃል መሃል እየገቡ ይነፉ ጀመር። እኔም አጨበጨብኩ። ባለሙያ ነኝና ጆሮዬ ድምፁ ላይ ነበር፤ በስምንተኛው ላይ ይደክም ይሆን ብዬ ነበር፣ አልደከመም። እቆጥር ነበር።

እማማ ስንዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። አላጨበጨቡም። በከዘራቸው እግሬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሰው እየጠራ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ማሳያ ነው። ፕሮግራም ነው።»

«ኧረ ሰው እየጠራ ነው።»

«አይደለም እማማ፣ ማንደፍሮ ነው» አልኳቸውና ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።

ሃያ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ አቆመ። ጭብጨባው ግን ወዲያው አልቆመም፤ ቀድሞ ለማቆም የደፈረ ሰው አልነበረም። እንግዳው የምስክር ወረቀቱን ለቤቱ ሰጠ። ለእኔም ስሜን ጠርቶ ካባ አለበሰኝ።

ካባውን እንደለበስኩ ማንደፍሮ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ርሷል። ቀስ ብሎ መጥቶ ሰልፉ ላይ ቦታው ሲደርስ አልቆመም። መሬት ላይ ተቀመጠ። እንግዳ ባለበት፣ ሹማምንት ባሉበት፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። የከፍታ ሹሙ ደንግጦ ሮጠና ጎንበስ ብሎ «ተነሥ አንተ! ውብሸት ነህ እኮ!» አለው።

«ጋሽ ውብሸት ሞተዋል» አለ ማንደፍሮ።

ሲስተር እቴነሽ ጮኻ ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ ካባውን ለብሼ ቆሜ ቀረሁ።

ማንደፍሮ የሆነውን የነገረኝ ኋላ ነው። ሲገባ ሳሉ ይዟቸዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። በአንድ እጁ አቅፎ ቀና አደረጋቸውና ደረቱ ላይ አስደገፋቸው። ቢያስተኛቸው ይታፈናሉ፤ ቢለቃቸው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለው የነርሶቹ ክፍል፣ ቁልፉ ደግሞ ሲስተር እቴነሽ ኪስ ውስጥ ነው። ጮኸ፤ ድምፅ ማጉያው ዋጠው። የቀረው ደወሉ ነበር። ለእሱ ልክ ነበረና በሌላው እጁ ደረሰበት።

«ስደውል ጭብጨባ ሰማሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ለሥርዓቱ ነው ብዬ ነበር። ደጋግሜ ስደውል ሲበረታ ገባቸው መሰለኝ። ‹አይዞዎት ጋሼ፣ ሰምተውናል፣ እየመጡ ነው› አልኳቸው። በዓይናቸው በር በሩን ያዩ ነበር። እንዲህ ብዬ ዋሸኋቸው ወንድሜ፤ በሩን እያዩ ሞቱ።»

ጎልማሳው ሰውዬ እንደዚያ ሲያለቅስ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን እንባ ምን ዋጋ አለው።

አስከሬናቸው ከወጣ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወደዚያ ክፍል ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ሠራሁት። ባዶ አልጋ አጠገብ፣ በእርሳሱ ምልክት ላይ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ አሥር መጫኛ ጨምሬ ገዝቼ ወደ ሌሎቹ አሥር አልጋዎች አለፍኩ። ሲስተር እቴነሽ አልከለከለችኝም። ዓይኗ አብጦ ቱቦውን ትይዝልኝ ነበር። ሲያልቅ በአሥራ አንዱም መጫኛዎች ላይ ፎጣ ሰቀለችባቸው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አጣሪዎች መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የሽቦውን ውፍረት ለኩ፤ ልክ ነው። ባትሪውን ፈተሹ፤ ሙሉ ነው። የደወሉን ከፍታ ለኩ፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ደወሉ ሠርቷል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሠርቷል። ተሰምቷል ወይ፤ አገር ሰምቶታል። እንግዲህ በሕጉ መሠረት የጎደለ ነገር የለም። የከፍታ ሹሙም አብሯቸው ነበር። አንዱ አልጋ ዘንድ ብቻውን ሲደርስ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ አየሁት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ፎጣውን መልሶ፣ መዝገቡ ላይ «ፎጣ» ብሎ ጽፎ አለፈ።

የምስክር ቃል ሲሰጥ እኔም ተጠራሁ። የአጣሪዎቹ ጸሐፊ ደግ ሰው ነው፤ ከፈለግሁ ቋሚ መላክ እንደምችል፣ እንዲህ ላለው ነገር ብዙ ሰው ቋሚ እንደሚልክ በጆሮዬ ነገረኝ። አልላክሁም። ራሴ ቆምኩ።

«ደወሉን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ደወሉ ሲጮህ አንተ ምን አደረግህ?»

«አጨበጨብኩ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። «ሃያ ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሃያ ሦስቱንም» አልኩ። «እማማ ስንዱ ሰው እየጠራ ነው እያሉኝ።»